«ባክ ቱ ዘ ፊውቸር»፦ ፊልሙ በባህል ላይ ያሳረፈው አሻራ

በሮበርት ዜሜኪስ ዳይሬክተርነት የተሠራው «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 1985 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ለእይታ በቅቶ በዚያው ዓመት በአገሪቱ ከወጡት ፊልሞች ሁሉ ከፍተኛውን ገቢ ያስገኘ የጊዜ ጉዞ ፊልም ነው። ማይክል ጄ. ፎክስ የሚጫወተው ማርቲ ማክፍላይ፣ ወዳጁ ዶክተር ኤሜት ብራውን በሠራው መኪና 30 ዓመት ወደ ኋላ ተጉዞ ገና ያልተጋቡ ወላጆቹን በእሱው ዕድሜ ያገኛቸዋል።

ድርሰቱን ከዜሜኪስ ጋር የጻፈው ቦብ ጌል፣ ሐሳቡ የመጣለት አባቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ የታተመውን የተማሪዎች የዓመት መጽሔት ሲያገላብጥ፣ አብረን ብንማር ኖሮ ጓደኛሞች እንሆን ነበር ወይ ብሎ ራሱን በመጠየቁ ነው። ፊልሙ በትውልዶች መካከል እየተወራረሰ የዘለቀው ከማሽኑ ይልቅ በዚህ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል። ተመልካቹ ደግሞ ደጋግሞ ባየው ቁጥር አዲስ ነገር ያገኝበታል፤ ለምሳሌ መጀመሪያ «መንታ ጥዶች» ይባል የነበረው የገበያ ማዕከል፣ ማርቲ በ1955 አንዱን የጥድ ችግኝ በመኪና ገጭቶ ስለጣለው፣ ሲመለስ ታፔላው «ብቸኛው ጥድ» ተብሎ ይጠብቀዋል። ይህን የሚነግረን ገጸ ባሕርይ የለም፤ ታፔላውን ልብ ብሎ ያየ ብቻ ይደርስበታል።

ከፊልሙ ጋር ስሙ የማይለየው መኪና ዲሎሪያን ነው። በሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት አጠገብ ባለችው ደንመሪ ይመረት የነበረው ይህ መኪና ቀለም ያልተቀባ የማይዝግ ብረት አካልና እንደ ክንፍ ወደ ላይ የሚነሡ በሮች ነበሩት፤ ሆኖም ኩባንያው 9,000 ገደማ መኪኖች ብቻ ሠርቶ በ1982 ከስሯል። በመጀመሪያው ረቂቅ የጊዜ ማሽኑ ማቀዝቀዣ ነበር፤ ልጆች ይህን አይተው ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳይገቡ በመስጋት ጭምር ተለወጠ። ገበያው የጣለው መኪና በዚህ አጋጣሚ ዝነኛ ሆነ፤ ዛሬም በፊልሙ መኪናው በጊዜ ውስጥ ለመጓዝ ሊደርስበት የሚገባው ፍጥነት፣ በሰዓት 88 ማይል፣ ማለትም 142 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲባል የፊልሙ ወዳጅ ወዲያው የሚያስበው እሱን ነው።

ፕሬዚዳንት ሬገን በ1986 ለኮንግረስ ባደረጉት ዓመታዊ ንግግር፣ ወደምንሄድበት መንገድ አያስፈልገንም የሚለውን የፊልሙን አባባል ጠቅሰዋል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም በ2007 ፊልሙን በብሔራዊ የፊልም መዝገብ አስፍሮታል።

በ1989 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ጀግኖቹን ወደ ኦክቶበር 21 ቀን 2015 ይወስዳቸዋል። ቀኑ በእውን ሲደርስ (በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 10 ቀን 2008 ዓ.ም.) አድናቂዎች እንደ በዓል አከበሩት። ናይኪ በ2011 በፊልሙ ክሩን በራሱ ሲያስር የታየውን ጫማ 1,500 ጥንድ አዘጋጅቶ በጨረታ በመሸጥ ገቢውን ለማይክል ጄ. ፎክስ የፓርኪንሰን በሽታ ምርምር ድርጅት ሰጥቶ ነበር፤ ያ ጫማ ግን ክሩን በራሱ አያስርም ነበር። በራሱ የሚታሰረው የመጀመሪያ ጥንድ፣ ከበሽታው ጋር ለዓመታት ለኖረው ለተዋናዩ ለራሱ የተሰጠው በዚያው በኦክቶበር 21 ዕለት ነው።