«ሰው አድርጋችሁ መልሱልኝ»፦ ስለ ታዳጊዎች ካምፕ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

ሰኔ ተጋምሶ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ስልኬ እረፍት የለውም። ቤተ ክርስቲያናችን ቢሾፍቱ በምታዘጋጀው የታዳጊዎች ካምፕ ሳገለግል ይህ አሥራ አንደኛ ክረምቴ ነው። ወላጆች ይደውላሉ፣ ይጠይቃሉ። መጠየቃቸው ደስ ይለኛል። የሚያደክመኝ በየዓመቱ ያው የተሳሳተ ነገር ተይዞ መደወሉ ነው።

«ቢሾፍቱ ሙቀት ነው፣ ስስ ልብስ ይበቃል።» አይበቃም። «ሰመር ካምፕ» ስላልነው ሐምሌ ክረምት መሆኑ አይቀርም። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊት ሐይቁ ዳር ይበርዳል። ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሁለት ጫማ። ነጩ ስኒከር ቤት ይቅር።

«ቀኑን ሙሉ ስብከት ነው።» ጠዋት የጥሞና ጊዜ አለ፣ ከዚያ በቡድን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት። ከሰዓት በኋላ መረብ ኳስ፣ ጥያቄና መልስ፣ ድራማ ልምምድ። ማታ መዝሙርና ትምህርት። ልጆቹ የሚያጉረመርሙት በስብከቱ ሳይሆን ሳህን የማጠብ ተራቸው ሲደርስ ነው።

«ካምፕ የፈረንጅ ፋሽን ነው።» ወጣቶችን ድንኳን ውስጥ አሰባስቦ ማስተማር በአሜሪካ ክርስቲያኖች ዘንድ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1880ዎቹ መጀመሩ እውነት ነው። ግን እኛም አገር አዲስ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ተማሪዎች ክረምት ላይ ለመጽሐፍ ቅዱስ ኮንፈረንስ ሐዋሳ ይሰበሰቡ ነበር። የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሲነሣ ሐዋሳ የምትጠቀሰው በዚህ ነው። የዛሬዎቹ ሽማግሌዎቻችን ያኔ አሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ።

«ወንድና ሴት አንድ ላይ ሲያድሩ ይበላሻሉ።» አንድ ላይ አያድሩም። ማደሪያው የተለያየ ነው፤ የሴቶቹ ጋ ሴት መሪዎች፣ የወንዶቹ ጋ ወንድ መሪዎች ያድራሉ። ይልቅ የማንም ካምፕ ይሁን ይህን ጠይቁ፦ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን ዝግ ክፍል ውስጥ መሆን ይፈቀድለታል ወይ? መልሱ «አይፈቀድም» ካልሆነ ልጃችሁን አትላኩ። ሰውየው የቱንም ያህል የተወደደ አገልጋይ ቢሆን።

«ጸሎት ቦታ ስለሆነ መድኃኒት አያስፈልጋትም።» ይህኛው ያስፈራኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የ15 ዓመት ልጅ በሁለተኛው ሌሊት መሬት ላይ ወድቃ መንቀጥቀጥ ጀመረች። የሚጥል በሽታ እንዳለባት ቅጹ ላይ አልተጻፈም። መድኃኒቷም ቤት ቀርቷል። አንዱ ልጅ ክብሪት ጭሮ ሊያሸታት ሮጠ፣ ሌላው አፏ ውስጥ የሚከተት ማንኪያ ይዞ መጣ። ነርሷ ሁለቱንም መለሰቻቸው። ጃኬቷን አጥፋ ከልጅቷ ራስ ሥር አደረገች፣ በጎኗ አስተኛቻት፣ ሰዓቷን ማየት ጀመረች። አምስት ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል ልንወስዳት መኪናው ተነሥቷል። በሦስተኛው ደቂቃ ቆመላት።

እናቷ በማግስቱ ደወለች። «ሰው እንዳያውቅባት ብዬ ነው። ደግሞ እዚያ ይጸለይላታል ብዬ» አለችኝ። ድምጿ ሲንቀጠቀጥ ልቆጣት አልቻልኩም። እኔም እጸልያለሁ፤ ጌታ እንደሚፈውስም አምናለሁ። ግን የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ከቀድሞው የከፋ ሊያመጣ ይችላል። እንቅልፍ ማጣትም ይቀሰቅሰዋል፤ ካምፕ ላይ ደግሞ ልጆች እስከ እኩለ ሌሊት ሲያወሩ ነው የሚያመሹት። አስምም፣ ስኳርም እንዲሁ ነው። እባካችሁ ቅጹ ላይ ጻፉት። መድኃኒቱን የልጃችሁን ስም ጽፋችሁበት ለነርሷ በእጅ ስጡ። ከነርሷና ከቡድን መሪዋ በስተቀር ማንም አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «አስተካክላችሁ መልሱልን።»

መኪና ጋራዥ እንደሚገባ ልጅ ይመጣልኛል። አንድ ጠዋት አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል አንድ አባት ልጁን በክንዱ ይዞ መጣ። «ወንድሜ፣ አደራህን፣ ይሄን ልጅ ሰው አድርጋችሁ መልሱልኝ» አለኝ። ልጁ አጠገባችን ቆሟል። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ ከአባቱ በልጧል። ጫማውን ያያል። እኔ ሰው አይደለሁም ማለት ነው እንዴ ብሎ ሳያስብ አልቀረም።

ሦስት ቀን ጥግ ይዞ ተቀመጠ። አልረበሸም፣ አልዘመረም። በአራተኛው ሌሊት ሳህን ስናጥብ «አባዬ ስለ እኔ ምን አለህ?» አለኝ። የሰማውን ደግሜ አልነገርኩትም። «አንተ ምን ይለኛል ትላለህ?» አልኩት። ሳህኑን እያደረቀ ብዙ ቆየ። «የሚያናግረኝ ካርድ ስቀበል ብቻ ነው» አለ።

አምስት ቀን ልጅ አይጠግንም። በመጨረሻው ሌሊት እሳት ዙሪያ ብዙዎቹ ያለቅሳሉ፣ ጌታን እከተላለሁ ይላሉ። እንባው የእውነት ነው፤ አይቼዋለሁ። ግን ገና ዘር ነው። ማቴዎስ 13 ላይ ፈጥኖ የበቀለው ዘር ሥር ስላልነበረው ጠወለገ ይላል። ሥር የሚሰደደው በአምስት ቀን ካምፕ ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ መስከረምን አልፎ፣ እስከ ፋሲካ ድረስ ነው።

ስለዚህ ልጁ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን ከእኅቱ ጋር ሲጣላ «ካምፕ ሄደህም ያው ነህ?» አትበሉት። ይህች አንዲት ንግግር የሠራነውን ሁሉ ታፈርሳለች፤ ብዙ ልጅ «በቃ እኔ አልለወጥም» ብሎ ሲተወው አይቻለሁ። ተመልሶ የመጣ ቀን ምስክርነት አታስወጡት። አብሉት፣ ይተኛ። ከዚያ ስለ ምግቡ፣ ስለ ጓደኞቹ፣ ስለ ጭቃው ጠይቁት። ሌላውን ሲፈልግ ራሱ ያመጣዋል። የቡድን መሪውን ስልክ ውሰዱ፤ እሱም በየሁለት ሳምንቱ ይደውልለት።

ያን አባት ከካምፕ በኋላ ቡና ጋበዝኩት። ልጁ ያለኝን ሳይሆን «አብራችሁ የምትውሉት መቼ ነው?» የሚለውን ጠየቅኩት። ዝም አለ። ከዚያ «ቅዳሜ መኪና ሳሳጥብ ብቻዬን ነኝ» አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይዞት መሄድ ጀመረ። በሚቀጥለው ክረምት አውቶቡሱ ጋ ሲያደርሰው ስለ አደራ አንድም ቃል አልተናገረም። የልጁን ጋቢ አስተካክሎ ቦርሳው ላይ አሰረለትና «ሐሙስ ስንት ሰዓት ትገባላችሁ? እኔው ራሴ መጥቼ ልውሰደው» አለኝ።