«ቡና ነስንሱበት፣ ይድናል»፦ ስለ ውሻ ጥፍር ስብራት የሚባለውና እውነታው

ጅማ ውስጥ ውሻ የሚያዘው በአብዛኛው ለጥበቃ ነው። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። ሌሊት ጅብ ከሩቅ ሲጮህ ወይም መንገደኛ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ የቆርቆሮ በሩን እየቧጨረ ያድራል። ጥፍር የሚሰበረውም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው፤ የቆርቆሮው ጫፍ ወይም የበሩ ሥር ክፍተት ጥፍሩን ይይዘዋል፣ ውሻው ሲደነግጥ እግሩን ይመነጭቃል፣ ጥፍሩም ይሰነጠቃል ወይም ይገነጠላል። ጠዋት በረንዳው ላይ ደም ሲታይ ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ምክሩ በቅን ልብ የሚሰጥ ነው፤ ነገር ግን ከስብራቱ ይልቅ ውሻውን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ቁስሉ ላይ የምናደርገው ነገር ነው።

«ጥፍር አይደል እንዴ፣ ምን ያህል ያመዋል?»

የውሻ ጥፍር ውጪው ኬራቲን የሚባል ጠንካራ ቅርፊት ነው። ውስጡ ግን ደም ሥርና ነርቭ ያለው ሥጋ አለ፤ ሥጋው ደግሞ የጣቱን የመጨረሻ አጥንት የሸፈነ ነው። ጫፉ ብቻ ከተቆረጠ ውሻው ምንም አይሰማውም። ስንጥቁ ወደ ላይ ሄዶ ሥጋውን ከገለጠው ግን በረገጠ ቁጥር ይነካዋል። ሥጋው ከአጥንቱ ያለው ርቀት እጅግ ትንሽ ስለሆነ ቁስሉ ሲያመረቅዝ ኢንፌክሽኑ ወደ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል፤ ያኔ ሕክምናው የሳምንታት ነው።

«የሐበሻ ውሻ ጠንካራ ነው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ሕመሙን በመደበቅ ጠንካራ ነው። ካልጮኸ አላመመውም ብለው አይተዉት። አንዱን እግር ደጋግሞ መላስ፣ ደረጃ ላይ ማመንታት፣ እግሩን ሲነኩት መንጠቅ፣ ሲተኛ ያንን እግር ከሥሩ መደበቅ በቂ ምልክቶች ናቸው።

«የተፈጨ ቡና ደሙን ያቆመዋል»

ቡና በማይጠፋበት ከተማ ይህ ምክር ቀድሞ ቢመጣ አይገርምም። ሰውም እጁን ሲቆርጥ ቡና ይነሰንስበታል፤ ልማዱ የቆየ ነው። ደቃቅ ዱቄት ደም ቶሎ እንዲረጋ ማገዙም ሐሰት አይደለም። ግን ይህን ለማድረግ ቡና መሆን የለበትም፣ ተራ የበቆሎ ወይም የስንዴ ዱቄትም ያደርገዋል። ውሻ ደግሞ እግሩ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይልሳል፤ ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ለውሻ መርዝ ነው። ግዙፍ የግቢ ውሻ ከቁንጥር ቡና ምንም ላይሆን ይችላል። ትንሽ ቡችላ ግን ብዙ ከላሰ ይቅበዘበዛል፣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ያስታውከዋል፣ መጠኑ ከበዛም ያንቀጠቅጠዋል። በዚያ ላይ ቡናው ከደሙ ጋር ጋግሮ ስንጥቁ ውስጥ ይቀራል። ሐኪሙ ቁስሉን ለማየት መጀመሪያ ያንን አጥቦ ማውጣት ይኖርበታል፤ ውሻው ሁለተኛ ጊዜ የሚሰቃየው ያኔ ነው።

ደም ለማቆም የሚሠራው ግፊት ነው። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጎዝ ጥፍሩ ላይ አድርገው ጠበቅ አድርገው ይያዙ፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሳያነሡ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህች ላይ ነው። «ቆመ ወይ?» እያለ በየሰላሳ ሰከንዱ ጨርቁን ያነሣል፣ የረጋው ደም አብሮ ይነሣል፣ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። የተቆረጠው ጫፉ ሆኖ ሥጋው በጥቂቱ ብቻ ተነክቶ ደሙ እንቢ ካለ ጥፍሩን ንጹሕ ዱቄት ውስጥ ነከር አድርጎ እንደገና መያዝ ነው። ሥጋው በሰፊው ከተጋለጠ ግን ዱቄቱም ይቅር፣ ግፊት ብቻ። ከሃያ ደቂቃ በኋላም የሚንጠባጠብ ከሆነ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ከጋራዥ የሚመጣውን የተቃጠለ ዘይትና ናፍጣውን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቆዳ ያቃጥላል፣ ሲላስም ይመርዛል።

«የራሴ ውሻ እኔን አይነክሰኝም»

ያመመው ውሻ ጌታውን ይነክሳል። ክፋት አይደለም፣ ሕመም ነው። ስለዚህ እግሩን ከመንካትዎ በፊት ረዘም ያለ የጎዝ ቁራጭ ወይም የአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ይውሰዱ፤ አፉ ላይ አንድ ዙር አጥልቀው ከአገጩ ሥር ያጠላልፉና ሁለቱን ጫፎች ከጆሮው ኋላ ይሰሩ። የሚያስታውከው ወይም ለመተንፈስ የሚቸገር ውሻ አፉ አይታሰርም። ሌላ ሰው አንገቱን አቅፎ ቢይዝልዎ ሥራው በግማሽ ይቀላል።

ከነከስዎ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ኢትዮጵያ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ አሁንም ሰው የሚገድል በሽታ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። «የግቢ ውሻ ነው፣ ከየት ያመጣዋል» ማለት አያዋጣም፤ ማታ ተለቆ የሚያድር ውሻ የት እንዳደረና ከማን ጋር እንደተናከሰ የሚያውቅ የለም።

«የውሻ ምላስ መድኃኒት ነው»

ከሁሉም የበለጠ ሥር የሰደደው ይህ ነው፣ ለመንቀልም የሚከብደው። በውሻ ምራቅ ውስጥ አንዳንድ ባክቴሪያ የሚያዳክሙ ነገሮች መኖራቸው እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው አፍ ውስጥ እልፍ ሌላ ባክቴሪያ አለ፤ ሻካራው ምላስም የረጋውን ደምና ሊሸፍን የጀመረውን ቆዳ ይፍቃል። ሲላስ የዋለ ቁስል ርጥብ ሆኖ ይውላል፣ ርጥብ ቁስልም ቶሎ ያመረቅዛል።

ቤት ውስጥ የሚበቃው ነገር ቀላል ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልተው ሲቀዘቅዝ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ያሟሙበትና በዚያ ቁስሉን ይጠቡት። ቤታዲን ካለ ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ ማቅጠን ነው። ከዚያ ጎዝ፣ በላዩ ፋሻ፣ በየቀኑ የሚቀየር። ፋሻውን ሲያስሩ አንድ ጣት በሥሩ መግባት አለበት። ጣቶቹ ካበጡ ወይም ሲነኩ ከቀዘቀዙ ጠብቋል፣ ወዲያው ይፍቱት።

ክረምት ላይ ግን የጅማ ጭቃ ፋሻ አያስተርፍም። ውሻው ለሽንት ሲወጣ ፌስታል እግሩ ላይ ማጥለቅ ይቻላል፤ ሲመለስ ግን ይወልቅ። ቀኑን ሙሉ በፌስታል ታፍኖ የዋለ እግር ከውጪ ቢደርቅም ከውስጥ ይበሰብሳል። ርጥብ ፋሻ ጭራሽ ፋሻ ካለማሰር የባሰ ነው።

ወደ አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እንለፍ፦ የተጋለጠ ሥጋ ላይ አይደረጉም። ያቃጥላሉ፣ መዳኑንም ያዘገያሉ።

«የተንጠለጠለውን በፒንሳ መንቀል ነው»

ይህኛው ግማሹ ልክ ነው። ተገንጥሎ የሚወዛወዝ ጥፍር ብዙውን ጊዜ መውጣቱ አይቀርም፤ ተንጠልጥሎ እስካለ ድረስ ሥጋውን እየጎተተ ያደማዋል። ልክ ያልሆነው ፒንሳውና ቦታው ነው። ሐኪም ጣቱን አደንዝዞ ወይም ውሻውን አረጋግቶ በአንድ ጊዜ ያወጣዋል። እቤት ሲጎተት ስብርባሪ ሥሩ ላይ ሊቀር፣ የጣቱ ጫፍ አጥንትም ሊሰበር ይችላል። እርስዎ መቁረጥ የሚችሉት ከሥጋው ርቆ የተሰበረውን ጫፍ ብቻ ነው፣ ልብስና ምንጣፍ እንዳይይዘው። ለሌላው የእንስሳት ክሊኒክ አለ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው በዚሁ ከተማ ነው። የእንስሳት ሕክምና የሚማርበት ከተማ እየኖሩ ፒንሳ ማንሳት ትንሽ ያሳፍራል።

«ለእኔ ያሻለኝ ለእሱም ያሽለዋል»

ከወገብ ሕመም የተረፈ ዲክሎፌናክ፣ ከራስ ምታት የተረፈ አይቡፕሮፌን በየቤቱ አለ። ሁለቱም የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። ፓራሲታሞልም ሐኪም በውሻው ክብደት ካልለካው ጉበት ያበላሻል። ለውሻ ተብለው የተሠሩ ማስታገሻዎች ስላሉ ጠይቆ መግዛት ነው። የአምፒሲሊን ካፕሱል ፈቶ ቁስል ላይ መነስነስም እንዲሁ ይቅር። እንዲህ የተነሰነሰ መድኃኒት በበቂ መጠን ወደ ውስጥ አይደርስም፣ ባክቴሪያውን ግን መድኃኒቱን ያለማምደዋል።

«ከተነቀለ በኋላ አይበቅልም»

ይበቅላል። የተጋለጠው ሥጋ በሁለት ሳምንት አካባቢ ይጠነክራል፤ ሙሉ ጥፍር ለመሆን ግን ወራት ይፈጃል። ሥሩ ከተጎዳ ጠማማ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

«ውሻ ጥፍሩን በራሱ ይሞርዳል»

ቀኑን ሙሉ ኮብልስቶን ላይ የሚሮጥ ውሻ አዎ፣ ይሞርዳል። በሰንሰለት ታስሮ ለስላሳ አፈር ላይ የሚውል ግን በምን ይሞርደው? የረዘመ ጥፍር ደግሞ በቀላሉ ይያዛል፣ በቀላሉም ይሰበራል። ለማወቅ ሲሚንቶ ወለል ላይ ያራምዱትና ያድምጡ፦ በየእርምጃው ቀጭ ቀጭ ካለ ረዝሟል። ቀጥ ብሎ ሲቆም ጥፍሩ መሬት መንካት የለበትም።

ከፊት እግር በውስጥ በኩል ከፍ ብላ የምትበቅለው አምስተኛዋ ጥፍር መሬት ስለማትነካ በምንም አትሞረድም። ጠጉር ውስጥ ተደብቃ ክብ እየሠራች አድጋ ሥጋ ውስጥ የምትገባበት ጊዜ አለ። ቆርቆሮ ላይ የምትያዘውም ብዙ ጊዜ እሷ ናት፤ ጥፍር ሲያዩ ከእሷ ይጀምሩ።

«ጥቁር ጥፍር አይቆረጥም» የሚባለው ሥጋው የት እንደሚጀምር ስለማይታይ ነው። ይቆረጣል፣ ግን በስሱ በስሱ። መዳፉን በአውራ ጣት ከታች ገፋ ሲያደርጉት ጥፍሩ ወደ ፊት ይወጣል። ጫፉን በትንሹ ቆርጠው ፊቱን ይመልከቱ፤ መጀመሪያ ደረቅና ነጣ ያለ ነው። መሐሉ ላይ ወዛም የጠቆረ ነጥብ ብቅ ሲል ሥጋው ቀርቧል፣ እዚያ ያቁሙ። በየሦስትና አራት ሳምንቱ በጥቂቱ ከተቆረጠ ሥጋው ራሱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ አንድ ቀን ብዙ ከመቁረጥ ይህ ይሻላል። የሰው ጥፍር መቁረጫ ለቡችላ ይሆን ይሆናል፣ የትልቅ ውሻን ጥፍር ግን ጨፍልቆ ይሰነጥቀዋል። የተቆረጠውን ጫፍ በሞረድ ማለስለስ አይርሱ።

በሩንም ይዩት። የቆርቆሮውን የታችኛውን ጫፍ ማጠፍ ወይም በውስጥ በኩል ጣውላ መምታት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

«ካልሲየም አንሶት ነው»

በር ላይ ተይዞ የተሰበረ አንድ ጥፍር ከካልሲየም ጋር ግንኙነት የለውም። በግምት የሚሰጥ ካልሲየም በማደግ ላይ ላለ የትልቅ ዝርያ ቡችላ እንዲያውም የአጥንት እድገቱን ያዛባል። ጥርጣሬ የሚገባው ሌላ ጊዜ ነው። ምንም ሳይመታው በተለያዩ እግሮቹ ላይ ያሉ ጥፍሮች በሳምንታት ውስጥ ተራ በተራ የሚወልቁ ከሆነ የሰውነቱ መከላከያ ራሱን ጥፍሩን እያጠቃ ሊሆን ይችላል። ያረጀ ውሻ ደግሞ አንድ ጣቱ አብጦ ጥፍሩ ከወለቀና ቁስሉ አልድን ካለ ዕጢ ሊኖር ስለሚችል ፋሻ እየቀየሩ መጠበቅ አይገባም። እንዲህ ያለውን ጣት ሐኪሙ ራጅ አንሥቶ፣ ካስፈለገም ናሙና ወስዶ ነው የሚወስነው።