ወርቀ ወንጌል ምንድን ነው? የጎንደር መዝገብ በወንጌል ኅዳግ

ወርቀ ወንጌል ማለት አንድ ደብር ወይም ገዳም ካሉት የአራቱ ወንጌላት መጻሕፍት ሁሉ አብልጦ የሚያከብረው፣ ከቅዱሱ ንባብ በተጨማሪ የደብሩ የመሬት ስጦታ፣ ውርስ፣ ሽያጭና ስምምነት በባዶ ቅጠሎቹና በኅዳጉ (በገጹ ዳርቻ ባለው ባዶ ቦታ) የተጻፈበት የብራና መጽሐፍ ነው። ልማዱ ከጎንደር ዘመን በብዙ ይቀድማል፤ በዛሬዋ ኤርትራ የሚገኘው የሽመዛናው የደብረ ሊባኖስ ገዳም ወርቀ ወንጌል የንጉሥ ላሊበላን የመሬት ስጦታ እንደያዘ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ልማዱ ጎንደር ላይ ከመስፋቱ የተነሣ፣ የከተማዋን የ17ኛውንና የ18ኛውን መቶ ዓመት ኑሮ ማጥናት የሚፈልግ ሰው ከፋሲል ግቢ ግንቦች ቀጥሎ ሊያንኳኳው የሚገባ በር የአብያተ ክርስቲያናቱ ዕቃ ቤት ነው።

ዛሬ «ቤተ መዛግብት» ስንል በመደርደሪያ የተሞላ የመንግሥት ሕንፃ ይታየናል። በግእዝ ግን መዝገብ የሀብት ማከማቻ፣ ግምጃ ቤት ማለት ነው፤ አሁን ለፍርድ ቤት ፋይል የምንጠራበት «ማኅደር» የሚለው ቃልም የብራና መጽሐፍ የሚያድርበት የቆዳ ከረጢት ስም ነበር። የጎንደር ሰነድ ያደረው በእነዚህ ቃላት የቀድሞ ትርጉም ነው፤ ከመስቀሉ፣ ከጽናጽሉና ከልብሰ ተክህኖው ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጦ ኖሯል።

ውል በወንጌል ላይ እንዲጻፍ ያደረገው ምክንያት በጣም ተግባራዊ ነው። ብጣሽ ብራና ይጠፋል፣ ይቀየራል፤ ወንጌል ግን ካህናቱ በዓይን የሚጠብቁት፣ ሰው የሚምልበት፣ ክርክር ሲነሣ አውጥተው የሚያነቡት መጽሐፍ ነው። በዚያ ላይ በብራና መጻሕፍት ላይ ዘወትር የምናገኘው ግዝት አለ፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን»፣ ይኸውም የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። «የፋቀው» መባሉን ልብ ይሏል፤ ብራና በምላጭ ተፍቆ እንደገና ሊጻፍበት ስለሚችል፣ ግዝቱ የሚከላከለው ሰነድ የሚያስመስለውን ሰው ጭምር ነው።

አንድ ቅጠል ቀርበን እንመልከት። የወንጌሉ ንባብ በሁለት ዓምድ፣ የጎንደር ዘመን ጸሐፍት በታወቁበት «ጉልሕ» በተባለው ሰፊና ክብ አጣጣል ተጽፏል፤ የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ነው። ከግርጌው ወይም ከመጨረሻዎቹ ባዶ ቅጠሎች ላይ ደግሞ ቀጭን፣ የተጣደፈ፣ መሥመር የማይጠብቅ ሌላ እጅ ይታያል። የሽያጭ ሰነድ ከሆነ ይዘቱ በአመዛኙ እንዲህ ነው፦ እገሌ ከእገሌ ይህን ያህል ወቄት ወርቅ ሰጥቶ ቤቱን ወይም መሬቱን ገዛ፤ ዳኛው እገሌ፣ ዋሱ እገሌ፣ እማኞቹ እነ እገሌ ናቸው። የነገሥታቱ የጉልት (የመሬት ግብር የመቀበል መብት) ስጦታ በግእዝ ሲጀምር፣ የሽያጩና የውርሱ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ አማርኛ ነው፤ ስለዚህ የጥንቱን አማርኛ የሚያጠኑ ሁሉ እዚህ ኅዳግ ላይ መድረሳቸው አይቀርም። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን የሴቶቹ ስም ነው። ዜና መዋዕሎቹ እንደ እቴጌ ምንትዋብ ያሉ ታላላቆችን እንጂ ሌላ ሴት እምብዛም አይጠሩም፤ በኅዳጉ ላይ ግን ሴቶች በገዛ ስማቸው ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ፣ ይወርሳሉ፣ ይከራከራሉ።

አስቸጋሪው ዘመኑን መወሰን ነው። ጸሐፊው ዓመተ ምሕረት ከመቁጠር ይልቅ «በዘመነ ሉቃስ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ዘመነ ሉቃስ ደግሞ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል። አንባቢው የንጉሡን፣ የደብሩን አለቃና የዳኛውን ስም አጋጥሞ፣ ሦስቱ በአንድነት በሹመት ላይ የነበሩበትን ዓመት መፈለግ ይኖርበታል። ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ አሮጌው መጽሐፍ ሲያረጅ ወይም ሲጠፋ ውሎቹ ወደ አዲስ ስለሚገለበጡ፣ የሰነዱ ዕድሜና የብራናው ዕድሜ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬ በቦታቸው የሉም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍት ሰብስበው ወደ መቅደላ ወሰዱ፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ከ350 ያህል የማያንሱት ወደ ለንደን ተጓዙ፤ አሁን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች (የሱዳን መሐዲስት ወታደሮች) ጎንደርን ሲያቃጥሉ አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ሲጋዩ፣ ቀዳማዊ ኢያሱ ያሠሩት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከጥፋቱ ተርፏል። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ጉዞ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ፣ በምትካቸው ቅጂ አስቀርቶ ወደ ፓሪስ ወሰደ፤ ይኸው ጉዞ የሰበሰባቸው ከሦስት መቶ የሚበልጡ የብራና መጻሕፍትም በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። ስለዚህ ስለ አንድ የጎንደር ቦታ የተጻፈን ውል ለማንበብ አንዳንዴ ማመልከቻ የሚጻፈው ለባሕር ማዶ ተቋም ነው።

በቦታቸው ለቀሩት ፈቃዱ የሚጠየቀው ከሀገረ ስብከቱና ከደብሩ አስተዳዳሪ ነው። ቤተ መዘክሮች በበኩላቸው እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በመስታወት ውስጥ ሲያሳዩ ሐረጉ (የገጹ ጌጥ) እና የወንጌላዊው ሥዕል ያለበትን ገጽ ይከፍታሉ፤ ለዓይን የሚያምረው እርሱ ስለሆነ አይፈረድባቸውም። ውሉን የሚፈልግ ግን መጽሐፉ ከመስታወቱ ወጥቶ፣ ኃላፊው በንጹሕ እጅ ወደ መጨረሻዎቹ ቅጠሎች እንዲገልጥለት መለመን አለበት።