ምልክቱ ጠፋ ማለት ፕሮግራሙ ተራገፈ ማለት አይደለም

አዲስ ኮምፒውተር ሲከፈት ባለቤቱ ያልጠየቃቸው ፕሮግራሞች ተደላድለው ይጠብቁታል፤ የሙከራ ጸረ ቫይረስ፣ ጨዋታ፣ በየሰዓቱ ብቅ የሚል ማስታወቂያ። ብዙዎቹ የተጫኑት የፕሮግራሙ ባለቤት ለኮምፒውተር አምራቹ ስለሚከፍል ነው።

አብዛኛው ሰው ምልክቱን ከዴስክቶፕ ላይ ሰርዞ ይገላገላል። የተሰረዘው ግን ወደ ፕሮግራሙ የሚወስደው አቋራጭ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ዲስኩ ላይ እንዳለ ነው፤ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥርም አብሮ ሊነሳ ይችላል። በዊንዶውስ 11 በትክክል የሚራገፈው ከቅንብሮች ገብተው፣ የተጫኑ መተግበሪያዎችን ዝርዝር ከፍተው፣ ከስሙ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ሲጫኑ በሚመጣው የማራገፊያ ትእዛዝ ነው። ጸረ ቫይረሱን ማራገፍ የሚያስፈራው ካለ አይስጋ፤ የዊንዶውስ የራሱ መከላከያ ወዲያው ይተካዋል።

ማራገፍም የማይበቃበት ጊዜ አለ። በ2015 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በአንዳንድ የሌኖቮ ላፕቶፖች ላይ የተገኘው ሱፐርፊሽ የተባለ የማስታወቂያ ፕሮግራም ሲራገፍ፣ የተከለው የደህንነት ሰርተፍኬት (ኮምፒውተሩ ድረ ገጾችን ለማመን የሚጠቀምበት ዲጂታል ማረጋገጫ) እዚያው ይቀር ነበር። አደገኛው ደግሞ ሰርተፍኬቱ ነበር፤ በእርሱ በኩል ሰርጎ ገቦች የተመሰጠረ ግንኙነትን ማንበብ ይችሉ ነበር።

«ወደ ፋብሪካ ይዞታ መመለስ» የሚለውም ያሳስታል። አምራቹ ባዘጋጀው መመለሻ ከተሠራ የተራገፈው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። ንጹሕ ዊንዶውስ የሚገኘው ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዶ በፍላሽ እንደ አዲስ በመጫን ነው፤ ፋይሎችን አስቀድሞ ሌላ ቦታ መገልበጥ ግን ግድ ነው። ፕሮግራሞችን ሲያራግፉ ደግሞ በተጫኑ መተግበሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ስማቸው ከድምፅ፣ ከስክሪን ወይም ከዋይፋይ ጋር የተያያዘ ካለ አይነኩ፤ እነርሱ ኮምፒውተሩን የሚያሠሩት ናቸው።