በእጅ የያዙት ወርቅ

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የባልና ሚስት ሽምግልና ላይ ተቀምጬ ነበር። ባልየው ሚስቱን ችላ ማለቱን አልካደም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነገሩን ለማብረድ ወደ ሴትዮዋ ዞር አሉና «እንግዲህ ምን ይደረግ ልጄ፣ በእጅ የያዙት ወርቅ መዳብ ነው» አሏት። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔን ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ።

አባባሉ እንዲያ አይደለማ! «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ነው። «እንደ» እና «ይቆጠራል» ሲጣሉ ጥፋቱ ከቆጣሪው ላይ ተነሥቶ ወርቁ ላይ አረፈ። ትርጉሙን ማንም ያውቀዋል፤ እኔን ሁልጊዜ የምትይዘኝ «በእጅ» የምትለዋ ቃል ናት። ለምን በሣጥን ያለ፣ ለምን በቤት ያለ አልተባለም?

ያደግሁት መንዝ ነው። አያቴ እምዬ በግራ እጇ ወፍራም የብር አምባር ነበራት፤ ከጠገራ ብር የተሠራ። ጠገራ ማለት ያ የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ የትም ይመታ መቼ ሁልጊዜ በፈረንጅ 1780 የሚል የተጻፈበት፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን ገንዘብ ነው። ከባሕር በር በግመል ተጭኖ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ወደ ሸዋ ይወጣ ነበር። ከሺህ እጅ 833ቱ ብር፣ የቀረው ሌላ ማዕድን፣ ይበልጡን መዳብ ነው፤ ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለሆነ ብቻውን አይጠናም። ጌጥ የፈለገች ሴት ጠገራዋን ራሷ ይዛ ወደ አንጥረኛው ትሄዳለች፤ ቀልጦ አምባር እስኪሆን ከአጠገቡ ንቅንቅ አትልም። ያለዚያ ከብሩ ላይ ተቀንሶ መዳብ ይጨመርበታላ።

እምዬ ለባና የሚሆን የበግ ጠጉር ስትፈትል ነው የምትውለው። የበግ ጠጉርና የኩበት ጢስ ብርን ያጠቁሩታል፤ ሁለቱም ውስጥ ድኝ አለ። ለጥምቀት ዋዜማ አምባሩን አውልቃ በአመድ ፈትጋ ፈትጋ ታነጣዋለች። ታዲያ አንጓዋን እያሻሸች «እጄ ቀለለኝ» ትል ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከብዷት አያውቅም፤ መኖሩ የሚታወቃት ስታወልቀው ነው።

አንድ ቀን ላሳድሰው ብላ ሞላሌ ገበያ ይዛኝ ሄደች። አንጥረኛው ከወናፉ ሥር ተቀምጠዋል። (አንጥረኛ የሚለው ስም እንዴት ደስ ይለኛል! ቅቤ ከምናነጥርበት ግሥ የወጣ ነው፤ እሳት ላይ ጥዶ እድፉን ማውጣት።) ወዲያ ወዲህ ስቅበጠበጥ አዩኝና «ና እስቲ ማሙሽ፣ ዓይንህን ጨፍን» አሉኝ። በሁለቱ መዳፎቼ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት ነገሮች አኖሩ። «ወርቁ የቱ ነው?» ወዲያው ቀኝ እጄን አነሣሁ። ቀኜ ወደ ታች ይጎትተኝ ነበር። ለቀለበት የመጣ ወርቅ ነው፤ ግራዬ ላይ የነበረው መዳብ።

ኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ ምክንያቱን አገኘሁት። የስኒ ጫፍ የማይሞላ አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ወርቅ 19.3 ግራም ይመዝናል፤ ያንኑ ያህል መዳብ 9 ግራም እንኳ አይሞላም። ብር በመካከል 10.5 ነው። ዓይን ይታለላል፤ ወርቅ መዳብ ሲገባበት መልኩ ቀይ ይሆናል፣ መዳብም ሲወለወል ያብረቀርቃል። እጅን ማታለል ግን ከባድ ነው።

ስለዚህ እኔ ይህ አባባል የተወለደው ከወናፍ ዳር ነው ባይ ነኝ። ወርቅን ከመዳብ ለመለየት ከእጅ የቀረበ ዳኛ የለም፤ ሲለምደው ግን እጁም ይደነዝዛል፣ ክብደቱን ይረሳል፣ መዳብ እንደያዘ ይቆጥረዋል። «በእጅ» የተባለው ለዚህ ነው። የመንዝ ገበሬ ወርቅ ከየት አግኝቶ ነው የሚለኝ ይኖራል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወርቅ ማጌጥ ንጉሡ ለፈቀዱለት ብቻ ነበርና ክርክሩ ባዶ አይደለም። መልሴ፦ ቃሉ ከአንኮበር አንጥረኞች ወጥቶ ቁልቁል ወደ ገበሬው ወረደ። ገበሬውም በብር አምባሩ ያውቀው ስለነበር ወዲያው ገባው።

ዛሬ ግን ማመካኛ አደረግነው። ሠራተኛውን የረሳ አለቃ ይተርተዋል፣ እናቱን መጠየቅ የተወ ልጅ ይተርተዋል፣ ልክ የተፈጥሮ ሕግ ይመስል። ወርቅኮ እጅ ውስጥ ስለኖረ ከ19.3 አይወርድም፤ አይዝግም፣ እንደ ብር እንኳ አይጠቁርም። እኚያ ሽማግሌ ተረቱን አቀርቅራ በተቀመጠችው ሴት ላይ ጣሉት። ዞር ብለው ሊተርቱበት የሚገባው ባልየው ከጎናቸው ነበር።