የአረጋውያን የኦንላይን የታሪክ ክፍል ምንድን ነው?

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ሰዎች በስልካቸው ወይም በልጃቸው ላፕቶፕ፣ ቀንና ሰዓት ቆርጠው፣ ከአንድ አስተማሪ ጋር ተገናኝተው ታሪክ የሚማሩበት፣ የሚጠይቁበትና የሚከራከሩበት ክፍል ነው። ፈተና የለውም። ሰርተፊኬት የለውም። አንደኛ የሚወጣም የሚወድቅም የለም። ሰው የሚመጣው ማወቅ ስለፈለገ ብቻ ነው።

አጭሩ መልስ ግን አይበቃም። በተለይ አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ ለምንኖር ሰዎች አይበቃም። እዚህ ያሉት ትልልቅ ሰዎች ታሪክ ለመስማት የሚቀመጡ ብቻ አይደሉም። ከሚማሩት ታሪክ ውስጥ ብዙው በራሳቸው ላይ የደረሰ ነው። ክፍሉን ልዩ የሚያደርገውም፣ ካልተጠነቀቁ የሚያበላሸውም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ከምን እንደሚለይ ልናገር። "ኦንላይን ታሪክ" ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ዩቲዩብ ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን ማታ ማታ ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፈው የሚሰሙት፣ ከኋላው ሙዚቃ ያለበት፣ ተራኪው ድምፁን ወፈር አድርጎ የሚያወራው ትረካ። እሱ ክፍል አይደለም። ጥሩ ጥሩ ትረካ አለ፣ እኔም እሰማለሁ። ግን ተራኪውን "ይሄን ከየት አገኘኸው?" ብሎ መጠየቅ አይቻልም፣ ቢጠየቅም ጥያቄው ከሺህ ኮሜንት ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ክፍልን ክፍል የሚያሰኘው ግን ይሄ ጥያቄ ነው። አስተማሪው አንድ ነገር ሲናገር ምንጩን ያሳያል፣ ያልተዋጠለት ሰው ይሞግታል፣ መልስ ያልተገኘለት ነገር ደግሞ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቀጠራል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በፈረንሳይ ቱሉዝ ከተማ ፒየር ቬላስ የሚባሉ ፕሮፌሰር በ1973 እ.ኤ.አ. ለጡረተኞች የሚሆን ትምህርት ጀመሩና ስሙን "የሦስተኛው ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ" አሉት። ልጅነት አንደኛ፣ የሥራ ዘመን ሁለተኛ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሦስተኛ ማለታቸው ነው። እንግሊዞች በ1982 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ወሰዱና መልኩን ቀየሩት። እነሱ ጋ አባላቱ እርስ በእርስ ይማማራሉ፣ የሚያውቅ ለማያውቅ ያካፍላል፣ ከላይ የሚያዝ ዩኒቨርሲቲ የለም። ለእኛ የሚቀርበው ይሄኛው ይመስለኛል።

ደግሞ ትልቅ ሰው ቁጭ አድርጎ ማስተማር ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሯል፣ እያደገ ሄዶም በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ከዚያ በፊት በ1967 በእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወርደው ገበሬ ያስተማሩት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዛሬ ዕድሜያቸው 70 አካባቢ ነው። ጡረታ ወጥተው ኮንዶሚኒየም ሰገነት ላይ ፀሐይ የሚሞቁት እነሱ ናቸው። ትልቅ ሰው በምን እንደሚሰለች፣ በምን እንደሚያፍር ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ታዲያ ለምን ኦንላይን? ለምን ዳር ላይ?

እዚህ የሚኖረው ሰው ብዙው ከመሀል ከተማ የመጣ ነው። ከአራት ኪሎ፣ ከልደታ፣ ከካዛንቺስ፣ ከፒያሳ። አንዱ ሰፈሩ ፈርሶ፣ ሌላው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶት። አብሮ ቡና ሲጠጣ የኖረ ጎረቤት አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ ተበተነ። ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ያለው መሀል ከተማ ነው። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ያለው ስድስት ኪሎ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ ታክሲ እየቀያየሩ እዚያ ደርሶ መመለስ ለወጣትም ቀኑን ሙሉ ይበላል። ጉልበቷን ለሚያማት፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ለምትኖር እናት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ደረጃውን ወርዶ መውጣቱ ብቻ አንድ ሥራ ነው። ስልክ ግን እጇ ላይ አለ። ውጭ አገር ያለ ልጇን በቪዲዮ ማናገር ከለመደች ቆይታለች። ክፍል ለመግባት ከዚህ ብዙ የተለየ ችሎታ አይጠየቅም።

አንድ ክፍል እንዴት እንደሚሄድ በቅርብ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ነገሩ የሚገባው ያኔ ነው።

የዕለቱ ርዕስ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ነበር። አዋጅ ቁጥር 47/1967፣ የወጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967። ደርግ በዚህ አዋጅ የከተማ ቦታን በሙሉና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ በላይ መኖሪያ ቤት እንዳይኖረው ሆነ። ኪራይ ቀነሰ። ወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ተሰጠ። "የቀበሌ ቤት" ስንል የኖርነው ከዚያ የመጣ ነው።

አስተማሪው ጡረታ የወጡ የሁለተኛ ደረጃ ታሪክ መምህር ናቸው። ከክፍሉ አስቀድመው የነጋሪት ጋዜጣውን ገጽ ፎቶ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለቀቁ። በሰዓቱ ሁሉም ገባ። ጥሩ የማየት አቅም ያላቸው አንድ አባት አንቀጾቹን ጮክ ብለው አነበቡ። ከዚያ መምህሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ "ያን ጊዜ የት ነበራችሁ?"

አንዲት እናት ቀደሙ። ልደታ ተከራይ ነበሩ። እናታቸው እንጀራ እየሸጡ ነበር የሚያሳድጓቸው። ኪራዩ ሲቀንስ እናታቸው በተረፈው ብር መጀመሪያ የገዙት ለልጆቹ ጫማ መሆኑን ተናገሩ። ቀለሙን ሳይቀር ያስታውሳሉ፣ ቡናማ ነበር።

ሌላ አባት ዝም ብለው ቆዩ። ቆይተው ማይካቸውን ከፈቱና "እትዬ፣ እኔ ደግሞ የባለቤቱ ልጅ ነኝ" አሉ። የሳቸው አባት ከጋሪ ነጂነት ተነስተው፣ ጭቃ በእጃቸው እያቦኩ፣ ሦስት ክፍል ሠርተው ያከራዩ ነበር። ባላባት አልነበሩም። ክፍሎቹ ለቀበሌ ሲሄዱ አባትየው አንድ ቃል ሳይናገሩ በሩ ላይ ያለውን ጓጉንቸር ቁልፍ ፈተው ሰጡ።

ሁለቱ ሰዎች ዛሬ የሚኖሩት አንድ ብሎክ ውስጥ ነው። ደረጃ ላይ ሰላም ይባባላሉ። ይሄን ግን ተነጋግረውት አያውቁም።

መምህሩ አልፈረዱም። "አዋጁ የታዘዘውን ይነግረናል። እናንተ ደግሞ ትዕዛዙ ቤት ሲገባ ምን እንደመሰለ ነገራችሁን" አሉና ሁለቱንም ታሪክ ጻፉት። እኔ ይህን ክፍል የምወደው ለዚህ ነው። ከነጋሪት ጋዜጣ ብቻ ብትማር ስለ ጫማውም ስለ ቁልፉም አታውቅም። ከሰው አፍ ብቻ ብትሰማ ደግሞ እንደ ሰማኸው ሰው ወይ አዋጁን ታመሰግናለህ ወይ ትረግማለህ፣ በቃ።

ትዝታ ብቻውን የማይበቃበት ሌላም ምክንያት አለ። እናቲቱ በወሬያቸው መሀል "አዋጁ የወጣ ቀን ከተማው በሰልፍ ተጥለቅልቆ ነበር፣ መሬት ላራሹ እየተባለ" አሉ። መምህሩ በቀስታ ጠየቁ፦ "ጭቃ ነበር ወይስ ፀሐይ?" እናትየው አሰቡና "ፀሐይ ነበር" አሉ። ሐምሌ ላይ ግን ክረምት ነው። ያዩት ሰልፍ የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ የተደረገው ነበር፣ እሱ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ነው። ሁለቱ አዋጆች በአምስት ወር ተራርቀው የወጡ ናቸው፣ ትዝታ ግን ከጊዜ ብዛት አንድ ቀን አድርጓቸዋል። ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም፣ የሁላችንም ጭንቅላት እንዲህ ነው የሚሠራው። ዋናው አስተማሪው ሲያርም ሰውየውን ሳያሳፍር ማረሙ ነው። የ72 ዓመት ሰው አንድ ጊዜ ሰው ፊት ከተዋረደ ሁለተኛ ሊንኩን አይነካም።

ዘመን አቆጣጠርም ሳይነሳ አይታለፍም። ውጭ አገር የታተመ ጽሑፍ ወይም ቪዲዮ ሲመጣ ሁሌ ግራ ያጋባል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ሰባት ዓመት ይደመራል፣ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ስምንት። ስለዚህ የእኛ አንድ ዓመት በእነሱ ሁለት ዓመት ላይ ይወድቃል። የእድገት በኅብረት ዘመቻ የተጀመረው ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ነው፣ በፈረንጆቹ 1974። የትርፍ ቤት አዋጅ የወጣውም በዚያው በ1967 ነው፣ በፈረንጆቹ ግን 1975። ይሄን ያልተረዳ ሰው "መጽሐፉ ተሳስቷል" ብሎ ይነሳል። ጥሩ አስተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ይሄን አስረድቶ ይገላገላል።

አሁን ከባዱን ላንሳ። ስለ 1960ዎቹ መጨረሻ የሚማር ክፍል ቀይ ሽብርን ዘሎ ማለፍ አይችልም። እዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ ወንድሙን ያጣ አለ፣ ልጇን ያጣች አለች፣ ታስሮ የወጣ አለ፣ ምናልባት ያኔ ጠመንጃ ይዞ የነበረም አለ። ብዙዎቹ ሆድ ይፍጀው ብለው የያዙት ነገር ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ርዕስ ድንገት አይመዘዝም። ከሳምንት በፊት ይነገራል። መግባት ያልፈለገ ይቀራል፣ "ለምን ቀረህ" አይባልም። የገባም መናገር ግዴታው አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ክፍል ውስጥ የተነገረ የሰው ታሪክ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይቀዳ፣ ወደ ሌላ ግሩፕም ፎርዋርድ አይደረግ። አንዲት እናት ለ50 ዓመት ያልተናገረችውን ነገር ሰው አምና ስትናገር፣ ነገ ቲክቶክ ላይ ብታገኘው ምን ይሰማታል? ይሄን የማያከብር ክፍል ቢዘጋ ይሻላል ባይ ነኝ።

የቴክኒኩ ነገር እንደሚፈራው አይደለም። ዙም ነፃው 40 ደቂቃ ላይ ይቋረጣል፣ ለትልቅ ሰው ግን 40 ደቂቃ ጥሩ ልክ ነው፣ ከዚያ በላይ ጆሮም ወገብም ይደክማል። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ሳይት የቴሌግራም የድምፅ ውይይት ይሻላል፣ ዳታም ብዙ አይበላም። የስልኩን ፊደል ማተለቅ፣ ማይክ መዝጋትና መክፈት፣ ሊንኩን አንድ ቦታ ላይ ከላይ መለጠፍ፣ ከዚህ ሌላ ብዙ የለም። መብራት የሄደበት ሰው እንዳይቀርበት የመምህሩን ማብራሪያ ብቻ በድምፅ ቀድቶ ግሩፑ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ሰዓት ሲመረጥ እድር፣ ሰንበቴ፣ ጁምዓና የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚመለስበት ሰዓት መታየት አለበት። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ወጣት አጠገባቸው ቢቀመጥ ይበቃል። ያ ወጣት ግን ስልኩን ነጥቆ እሱ እየነካካ ካስገባቸው ምንም አልተማሩም። ጣታቸው ይልመድ።

ክፍያ? በኅብረት የሚካሄድ ከሆነ የመምህሩን የዳታ ወጪ ማዋጣት በቂ ነው። "ሰርተፊኬት እንሰጣለን" ብሎ ከጡረተኛ ብዙ ብር የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ።

አስተማሪ ከየት ይመጣል ለሚል፣ ሳይታችሁ ውስጥ ጠይቁ። ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር የሌለበት ኮንዶሚኒየም ያለ አይመስለኝም። የመጀመሪያውን ርዕስ ግን መምህሩም ልጆችም አይምረጡ፣ ተማሪዎቹ ይምረጡ። እኛ ልጆች የኖሩበትን ዘመን ብቻ እንዲያወሩልን እንፈልጋለን። እነሱን ስትጠይቁ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው የሚሉት። አንዷ የአክሱም ሐውልቶች እንዴት እንደቆሙ ማወቅ ትፈልጋለች። ሌላው አባቱ ማይጨው ዘምተው ሲመለሱ ለምን ምንም ሳያወሩ እንደሞቱ ይጠይቃል፣ መጋቢት 1928 እዚያ ምን እንደሆነ በዝርዝር ማንም ነግሮት አያውቅም። ከዚያ ጀምሩ።