የብላክ ሳባዝን አልበሞች ስናወዳድር የምንሳሳታቸው ነገሮች

የእንግሊዙ ሄቪ ሜታል ባንድ የብላክ ሳባዝ ሁለት አድናቂዎች ከተገናኙ ብዙም ሳይቆዩ ደረጃ ማውጣት ይጀምራሉ። አንደኛው አልበም የትኛው ነው? መጨረሻ የሚወጣውስ? ከዚያ በኋላ ጭቅጭቅ ነው። ሱሱ እኔም ላይ አለ። የራሴን ዝርዝር ስንቴ እንደቀየርኩት ቆጥሬ አላውቅም።

ሰው ያሻውን ቢያስቀድም ቅር አይለኝም። የሚያንገበግበኝ ደረጃው የቆመበት ምክንያት ራሱ ተረት ሆኖ ሲገኝ ነው። «ይሄ አልበም መጨረሻ ነው፣ ምክንያቱም...» ይሉና ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነገር ጭራሽ ያልተደረገ ይሆናል። ደጋግሜ የሰማኋቸውን ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ኦዚ ከሌለ ሳባዝ የለም»

የወሬዎቹ ሁሉ ታላቅ ወንድም ይሄ ነው። የባንዱ የመጀመሪያ ዘፋኝ ኦዚ ኦዝበርን በጁላይ 2025 ካረፈ ወዲህ ደግሞ መከራከሩ ራሱ ከብዷል። ሰውየውን እወደዋለሁ። ቢሆንም ቁጥሩን እንይ።

ባንዱ 19 የስቱዲዮ አልበሞች አሉት። ኦዚ የዘፈነው በ9ኙ ላይ ነው። 8ቱ ከ1970 እስከ 1978 የወጡ ናቸው፤ ዘጠነኛው በ2013 የወጣው «13» ነው። ቶኒ ማርቲን 5 አልበም ዘፍኗል፣ ሮኒ ጄምስ ዲዮ 3። ኢያን ጊላን እና ግሌን ሂውዝ አንድ አንድ አላቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኦዚ የሌለበት ነው ማለት ነው። በ19ኙም ላይ ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ጊታር ተጫዋቹ ቶኒ አዮሚ።

ኦዚ በ1979 ተባረረ። በ1980 ዲዮ የዘፈነበት «ሄቨን ኤንድ ሄል» ወጣ። ልዩነቱን በጆሮ ለመያዝ ሁለት ዘፈን ይበቃል። መጀመሪያ «ፓራኖይድ» በተባለው አልበም ላይ ያለውን «አይረን ማን» ስሙ። ጊታሩ በሄደበት መንገድ የኦዚ ድምፅ እግር በእግር ይከተለዋል። ሲወጣ አብሮ ይወጣል፣ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። ቀጥሎ «ሄቨን ኤንድ ሄል» የሚለውን ዘፈን ክፈቱ። ጊታሩ ከባድ ሆኖ ይገባል። ዲዮ መዝፈን ሲጀምር ግን ጊታሩ ዞር ይልለታል። ቤዙ ከሥር ዱብ ዱብ እያለ ይቀጥላል፣ ድምፁ ደግሞ የራሱን ዜማ ይዘረጋል። ያው አዮሚ ነው፣ ግን ሌላ ዓይነት ዘፈን መሥራት ጀምሯል። ይሄን «ሳባዝ አይደለም» ብሎ ከዝርዝር ማውጣት ለኔ ግማሹን መጽሐፍ ቀዶ ስለ መጽሐፉ እንደመከራከር ነው።

«ግጥሙ የኦዚ ነው፣ እሱም የሰይጣን አምልኮ ነው»

ሁለት ስህተት በአንድ ትንፋሽ። የኦዚ ዘመን ግጥሞችን አብዛኞቹን የጻፈው ቤዝ ተጫዋቹ ጊዘር በትለር ነው። ኦዚ የጻፋቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከነሱ አንዱ በ1975ቱ «ሳቦታጅ» መጨረሻ ላይ ያለው «ዘ ሪት» ነው፤ ባንዱ ከቀድሞ ሥራ አስኪያጁ ጋር ፍርድ ቤት ሲመላለስ የተጻፈ የንዴት ዘፈን።

በትለር ደግሞ በካቶሊክ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። የባንዱን ስም የያዘውን የመጀመሪያ ዘፈን ግጥም ልብ ብሎ ያየ ሰው ውዳሴ አያገኝበትም። ጥቁር ነገር ከፊቱ ቆሞ ያየ ሰው ደንግጦ እግዚአብሔርን ሲማጸን ነው የሚሰማው። «ዋር ፒግስ» ላይ ጦርነት ለኩሰው ድሃውን የሚማግዱ ሹማምንት መጨረሻቸው ፍርድ ነው። በ1971 በወጣው «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» ላይ ያለው «አፍተር ፎርኤቨር» ደግሞ በግልጽ ለእምነት የሚሟገት ዘፈን ነው። ስብከት ሊባል ምንም አይቀረው።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? የመጀመሪያው አልበም ሲከፈት ውስጡ የተገለበጠ መስቀል ተስሎበታል። ያን ያደረገው አሳታሚው ኩባንያ ነው፤ ልጆቹ አያውቁም ነበር። የባንዱ ስምም በ1963 ከወጣ የጣልያን አስፈሪ ፊልም የመጣ ነው። አንገታቸው ላይ ያደርጓቸው የነበሩትን መስቀሎች የሠሩላቸው የኦዚ አባት ናቸው። ቀና መስቀሎች ናቸው፣ የተገለበጡ አይደሉም።

እግረ መንገዴን አንዲት ትንሽ ልጨምር። የመጀመሪያው ዘፈን የተመሠረተበትን የድምፅ ርቀት (በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ልዩነት) ቤተ ክርስቲያን በመካከለኛው ዘመን በአዋጅ አግዳው ነበር ሲባል ትሰማላችሁ። «የሙዚቃ ዲያብሎስ» የሚል ቅጽል ስም በእርግጥ ነበረው። የሙዚቃ ታሪክ አጥኚዎች ግን እንዲህ ያለ አዋጅ አላገኙም። ጥንት የሚሸሹት ለጆሮ ስለሚሻክርና በድምፅ ለማዜም ስለሚያስቸግር ነው።

«ሳባዝ ከጥንትም ክሩን አላልቶ ነው የሚጫወተው»

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔም ለዓመታት የተሸወድኩበት ነው።

አዮሚ 17 ዓመቱ ላይ በርሚንግሃም ውስጥ በአንድ የብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። የመጨረሻ የሥራ ቀኑ ላይ ማሽኑ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። የመሃል ጣቱንና የቀለበት ጣቱን። አዮሚ ግራኝ ስለሆነ የጊታሩን ክር የሚጫነው በቀኝ እጁ ነው። ለጊታር ተጫዋች ከዚህ የከፋ ቦታ የለም። የፋብሪካው አለቃ የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አመጣለት፤ ሁለት ጣቶቹ በቃጠሎ ከተጎዱ በኋላ በቀሩት ጣቶቹ ተጫውቶ ዓለም ያወቀው ጊታሪስት ነው።

አዮሚ ወደ ቤቱ ሄዶ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የነበረበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ አቀለጠ። ድቡልቡል አደረገው፣ በጋለ ብረት በሳው፣ ጣቱ እስኪገባለት ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው። ጫፉ እንዳይንሸራተት ከአሮጌ ጃኬት ላይ ቆዳ ቆርጦ ለጠፈበት። ክሩም ጣቱን እንዳያሳምመው ቀጫጭኑን መረጠ።

ታሪኩ እውነት ነው። ስህተቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። «ስለዚህ ክሩን አላላው፣ የመጀመሪያው አልበም ያን ያህል የከበደውም ለዚህ ነው» ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አልበሞች የተቀረጹት ግን በተለመደው ቅኝት ነው። ክሩ ላልቶ ድምፁ ሦስት ግማሽ እርከን ወደታች የወረደው «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» ላይ ነው። «ኢንቱ ዘ ቮይድ»ን ስሙት፤ ጊታሩና ቤዙ አብረው ወርደው መሬቱን ሲጎትቱት ይሰማል።

የመጀመሪያው አልበም ክብደት ታዲያ ከየት ነው? ከዝግታው። ዝናብ ይዘንባል፣ ሩቅ ቦታ ደወል ይደወላል፣ ከዚያ ሦስት ድምፅ ብቻ ይመጣል። አንድ ዝቅ ያለ፣ አንድ ከፍ ያለ፣ አንድ ደግሞ እንደተሰበረ ነገር መሃል ላይ የሚቆም። በመካከላቸው ባዶ ቦታ አለ። ቢል ዋርድ ደግሞ ጃዝ እየሰማ ያደገ ከበሮ መቺ ነው፣ ክፍተቱን አያጨናንቀውም። የሚገርመው አልበሙ በአብዛኛው የተቀረጸው በኦክቶበር 1969 በአንድ ቀን ነው። መድረክ ላይ እንደሚጫወቱት ተጫወቱት፣ አለቀ። እኔ አንደኛ የማደርገው ይሄን ነው፤ «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» ሁለተኛ።

«ፓራኖይድ አንደኛ ነው፣ ብዙ የተሸጠ ይበልጣል»

ጎበዝ አልበም ነው። ለኔ ሦስተኛ ነው። ግን የዚህን መከራከሪያ ጫፍ ይዛችሁ ብትጎትቱት ራሱን ያፈርሳል። «ፓራኖይድ» በ1970 በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ ግን 12ኛ ላይ ቆመ። በአሜሪካ አንደኛ የወጣው የሳባዝ አልበም አንድ ብቻ ነው፤ «13»። 43 ዓመት ቆይቶ! በሰንጠረዥ ከሄድን «13» ሁሉንም ሊበልጥ ነው። እንዲህ የሚል አድናቂ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ደግሞ አልበሙ «ፓራኖይድ» እንዲባል የታሰበ አልነበረም፤ «ዋር ፒግስ» ነበር ስሙ። «ፓራኖይድ» የሚለው ዘፈን የተሠራው መጨረሻ ላይ፣ የጎደለች ጥቂት ደቂቃ ለመሙላት ነው። ኩባንያው ዘፈኑ እንደሚሸጥ ሲያይ የአልበሙን ስም ለወጠ፣ ሥዕሉን ግን አልለወጠም። ሽፋኑ ላይ ሰይፍና ጋሻ ይዞ የሚሮጠው ሰውዬ ከስሙ ጋር የማይገናኘው ለዚህ ነው።

«13 ላይ አራቱም ነባሮች ተመለሱ»

አልተመለሱም። ቢል ዋርድ የለበትም። ከበሮውን የመታው ብራድ ዊልክ ነው።

«ከቮልዩም 4 በኋላ ወረዱ»

«ቮልዩም 4» የ1972 አልበም ነው፤ ይሄ «ሳቦታጅ»ን ያልሰማ ሰው ወሬ ነው። እዚያ ላይ ያለውን «ሲምፕተም ኦፍ ዘ ዩኒቨርስ»ን አንድ ጊዜ ይክፈትና እንነጋገር። «ቴክኒካል ኤክስታሲ» እና «ኔቨር ሰይ ዳይ» በተባሉት አልበሞች ላይ ግን አልከራከርም፤ ዝቅ አድርጓቸው። ቢል ዋርድ ራሱ የዘፈነባት «ኢትስ ኦልራይት» ብቻ ትቅርልኝ።

«ቦርን አጌን ውድቀት ነበር»

በ1983 የወጣው ይሄ ጊላን የዘፈነበት አልበም በእንግሊዝ 4ኛ ደረጃ ደርሷል። ዲዮ የዘፈነበት ዝነኛው «ሄቨን ኤንድ ሄል» እንኳ 9ኛ ነበር። የድምፅ ቅንብሩ ግን ጭቃ ነው፣ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚጫወት ባንድ ይመስላል። ሰው የሚያስታውሰው ደግሞ ሙዚቃውን ሳይሆን የመድረኩን ድንጋዮች ነው። ለኮንሰርት ጉዞው በእንግሊዝ ያሉት የጥንቶቹ የስቶንሄንጅ ድንጋዮች አምሳያ ታዘዘ፤ በጫማ የታሰበው ልክ በሜትር ተሠራና ድንጋዮቹ መድረክ የማይችላቸው ሆነው መጡ። ያስቃል፣ ግን አልበሙን በድንጋይ አንመዝነው።

«ቶኒ ማርቲን የዘፈነባቸው አምስቱ ቢዘለሉም ምንም አይቀርም»

ብዙ ዝርዝር ላይ እነዚህ አምስቱ ተሰልፈው ከታች ይቀመጣሉ። አስቀማጩን «ስንቱን ሰምተሃል?» ስትሉት ዝም። በእርግጥ ሁሉም ጥፋት የአድናቂው አይደለም። ብዙዎቹ ለዓመታት ገበያ ላይ አልነበሩም፤ አራቱ እንደገና ተጠርዘው የወጡት በ2024 ነው። ባልተሰማ አልበም ላይ ደግሞ ወሬ ቶሎ ይበቅላል። ለምሳሌ በ1990 የወጣው «ቲር» ሙሉ በሙሉ ስለ ሰሜን አውሮፓ አማልክት ነው ይባላል። የዚያ ዓይነት ዘፈኖች አሉበት፣ የቀሩት ግን ስለ ሌላ ነገር ናቸው።

«ሄድለስ ክሮስ»ን ያልሰማ ሰው በዚሁ ይጀምር። የ1989 ነው፤ ከበሮው የኮዚ ፓወል ነው። እኔ ሰባተኛ አድርጌዋለሁ፤ ለዚህም ተሰድቤያለሁ።

የ1995ቱ «ፎርቢድን» ሌላ ነገር ነው። ፕሮዲውሰሩ ከቦዲ ካውንት ባንድ የመጣው ኧርኒ ሲ ነበር፤ መክፈቻው ላይ ራፐሩ አይስ ቲ አለበት። ድምፁ ደረቅና ቀጭን ነበር፣ እኔም ከወጣ ጀምሮ 19ኛ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። በ2024ቱ ዕትም አዮሚ ቅንብሩን እንደ አዲስ ሠራው። ጊታሩ ሥጋ አወጣ፣ ከበሮውም ተሰማ። ሁለቴ ሰማሁትና 17ኛ አደረግኩት። 19ኛው ላይ አሁን ማን እንዳለ አልናገርም፤ ይሄን የሚያነቡ ጓደኞች አሉኝ።